ለጨዋው ልጅ ብቻ አናልቅስ

ባለፈው ሰሞን ከወዳጆቼ ጋር ሆነን ሮበርት ሬድፎርድ በ1994 ያዘጋጀውን «ኩዊዝ ሾው» የተባለ ፊልም አየን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወዳጄ «ለመዝናኛ የተሠራ ነገር ነው፤ ማን ተጎዳ?» አለ። ሌላዋ ደግሞ «እኔን ያሳዘነኝ ያ መምህር ነው። እንዲያ ያለ የጨዋ ልጅ እንዲህ ይዋረድ?» አለች። ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል እላለሁ። ያን ዕለት ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስለ ነበር አልተደማመጥንም። ስለዚህ ነገሬን በጽሑፍ ላቅርብ።

ፊልሙ የተነሣበት ታሪክ እውነተኛ ነው። «ትዌንቲ ዋን» የተባለው የጥያቄና መልስ ውድድር በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን በሴፕቴምበር 1956 ተጀመረ። ሁለት ተወዳዳሪዎች እርስ በርስ እንዳይሰማሙ በየግላቸው የመስተዋት ክፍል ገብተው፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው ይቆማሉ። ከ1 እስከ 11 ነጥብ ካላቸው ጥያቄዎች ይመርጣሉ፤ ነጥቡ ሲጨምር ጥያቄው ይከብዳል፤ 21 የሞላ ያሸንፋል። እኩል ከወጡ እንደገና ይጋጠማሉ፤ ገንዘቡም ይጨምራል። የመጀመሪያው ዝግጅት ያለ ምንም ተንኮል ነበር የቀረበው። ግን ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየሳቱ ፕሮግራሙ መሳቂያ ሆነ። ወጪውን የሚሸፍነው የጀሪቶል መድኃኒት ኩባንያ ተቆጣ። ከዚያ በኋላ አዘጋጁ ዳን ኤንራይት መልሱን አስቀድሞ መስጠት ጀመረ።

ኸርበርት ስቴምፕል ያን ጊዜ የ29 ዓመት ሰው ነው። በውትድርና አገልግሎ፣ በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ይማር ነበር። ያነበበውን የማይረሳ፣ ያለ ማንም እርዳታ ብዙ ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ሰው ነበር። ኤንራይት ግን መልሱን ብቻ አልሰጠውም፤ መልኩንም ሰጠው። ጸጉሩን አሳጥሮ ተላጭ፣ የማይሆንህን ሰፊ ልብስ ልበስ፣ ርካሽ ሰዓት እሰር፣ ላብህን እንዲህ አድርገህ ጥረግ፣ አቅራቢውን ጃክ ባሪን «ሚስተር ባሪ» እያልክ ጥራ አለው። ድሃና ግራ የተጋባ ሰው መምሰል ነበረበት። ስቴምፕልም እሺ ብሎ፣ ገንዘቡንም ተቀብሎ፣ ሳምንት ከሳምንት አሸነፈ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልካቹ ሰለቸው ተባለ። ምትክ ተፈለገ፤ ተገኘም። ቻርልስ ቫን ዶረን የ30 ዓመት ጎልማሳ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ መልከ መልካም ሰው ነው። አባቱ ማርክ ቫን ዶረንም፣ አጎቱ ካርል ቫን ዶረንም የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙ ደራስያን ናቸው። እንግዲህ የጨዋ ልጅ ማለት ይኼ ነው።

ዲሴምበር 5 ቀን 1956 ማታ ስቴምፕል እንዲሸነፍ ታዘዘ። ከቀረቡለት ጥያቄዎች አንዱ በ1955 ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የተሸለመው የትኛው ነው የሚል ነበር። መልሱ «ማርቲ» ነው። ስቴምፕል «ማርቲ»ን ሦስት ጊዜ ያየ፣ ፊልሙን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበር። ፊልሙ መልኩ የማያምር፣ ብቸኛ፣ የብሮንክስ ሥጋ ሻጭ ታሪክ ነው። ስቴምፕልም የብሮንክስ ልጅ ነው። ይህን ሰው በመስተዋት ክፍል አቁመው፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ተመልካች ፊት፣ የሚያውቀውን «አላውቀውም» እንዲል አዘዙት። የቀደመውን ዓመት አሸናፊ «ኦን ዘ ወተርፍሮንት»ን ጠርቶ ተሳሳተ። ወዳጄ ሆይ፣ «ማን ተጎዳ?» ስትል ይህን ሰው ምን አድርገኸው ነው?

«ቲያትር ነው» የሚለውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ቲያትር ቤት የሚገባ ሰው ግን ቲያትር እንደሚያይ ተነግሮት፣ ትኬት ቆርጦ ነው የሚገባው። መድረክ ላይ የሞተው ተዋናይ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። በ«ትዌንቲ ዋን» የመስተዋቱ ክፍልና የጆሮ ማዳመጫው የቆሙት ተመልካቹ «ይህስ እውነት ነው» ብሎ እንዲያምን ነው። እምነቱን ከወሰዱበት በኋላ «ያመንከው ሞኝ ስለሆንክ ነው» ማለት የሌባ ክርክር ነው።

ጉዳቱን በሚገባ የማውቅበት ምክንያት አለኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በወላጆች በዓል ላይ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ነበር። ከዋዜማው የክፍላችን አለቃ መምህር ጠርተው «እንዳታሳፍረኝ» ብለው ጥያቄዎቹን አንድ ባንድ አነበቡልኝ። በማግሥቱ ከሌላ ክፍል የመጣውን፣ ከእኔ ይልቅ ብዙ የሚያውቀውን ልጅ አሸነፍሁት። የተሸለምሁት መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ያ ልጅ ግን አልተቀየመኝም። እንዲያውም መጥቶ ጨበጠኝና «እንዴት አድርገህ ነው የምታጠናው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሆነ ነገር ቀባጠርሁለት። እውነቱን አልነገርሁትም። እሱ እንግዲህ ከእኔ ያነሰ መስሎት ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

አሁን ይህን በሚሊዮን አባዙት። ቫን ዶረን 129,000 ዶላር አሸነፈ፤ በፌብሩዋሪ 1957 የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ ኤንቢሲም ቀጠረው። ለልጆች የዕውቀት አርአያ ተደርጎ ተወደሰ። ኤንራይት ሲያግባባው «ለመምህራንና ለትምህርት ክብር ታስገኛለህ» ብሎት ነበርና፣ ወዳጄ ይህን እንደ ማስተዛዘኛ ጠቀሰችልኝ። እኔ የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ያየው ከንፈሩን እየነከሰ፣ ግንባሩን እያሻሸ፣ የተነገረውን መልስ ከአእምሮው ጥልቅ የሚቆፍር የሚመስል ሰው ነው። ትክክለኛው ዕውቀት ግን ይረሳል፣ ይጠራጠራል፣ «ቆይ መጽሐፍ ልይ» ይላል። በሐሰት ሚዛን ራሱን መዝኖ «እኔ ደንቆሮ ነኝ» ያለው ስንት አንባቢ፣ ስንት ተማሪ ነው? መምህር ይህን እያወቀ ከሠራ ለትምህርት ክብር አስገኘ አይባልም።

ስቴምፕል ጻድቅ ነው አላልሁም። መልሱንም ገንዘቡንም ተቀብሏል። የተናገረውም በከፊል በቅናት፣ በከፊል ገንዘቡ አልቆበት፣ በቴሌቪዥን ሥራ እንሰጥሃለን ያሉት ስለ ቀረበት ነው። ሆኖም የተናገረው እውነት ነበር። አዘጋጆቹ ግን አእምሮው የታወከ ቀናተኛ ነው አሉት፤ ብዙ ሰውም አመናቸው። ለምን? አንዱ ድሃና ላብ በላብ የሆነ፣ ሌላው የጨዋ ልጅ ስለ ነበረ ነው። ያን የድሃ መልክ ያለበሱት ደግሞ ራሳቸው አዘጋጆቹ ነበሩ!

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ነገሩ ቆይቶ ወጣ። ጄምስ ስኖድግራስ የተባለ ሌላ ተወዳዳሪ የተሰጡትን መልሶች ከውድድሩ በፊት ጽፎ፣ በአደራ ደብዳቤ ለራሱ በፖስታ ልኮ፣ ሳይከፍት አስቀምጦ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሲከፈቱ የሚካድ ነገር አልቀረም። ቫን ዶረን በፍርድ መርማሪዎች ፊት በመሐላ ክዶ ከቆየ በኋላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1959 በኮንግረሱ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አመነ። ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቹ ለንግግሩ አመሰገኑት። የኒው ዮርኩ ተወካይ ስቲቨን ደሩንያን ብቻ፣ የእርሱን ያህል አስተዋይ የሆነ አዋቂ ሰው እውነት በመናገሩ ሊመሰገን አይገባም አለው። እኔም የማጨበጭበው ለደሩንያን ነው።

ቫን ዶረን ቅጣት አላገኘውም አልልም። ዩኒቨርሲቲውንም ኤንቢሲንም አጣ፤ በ1962 በሐሰት መማሉን አምኖ ቅጣቱ በገደብ ታለፈለት። ይህ ለማንም ሰው ከባድ ነው። ግን የተፈረደባቸው ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ ውድድሩን ማጭበርበር ራሱ በጊዜው በሕግ አልተከለከለም ነበርና። የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1960 ነው። ኤንራይትና ባሪ ደግሞ በ1970ዎቹ ተመልሰው የጥያቄና መልስ ፕሮግራም አዘጋጆች ሆኑ። ሐዘናችን ሁሉ በመልከ መልካሙ መምህር ላይ ሲያልቅ፣ ገመዱን የሳቡት ሰዎች በጓሮ በር ይወጣሉ።

ቫን ዶረን በ2019፣ ስቴምፕል በ2020 አረፉ፤ ሁለቱም የ93 ዓመት አዛውንት ሆነው። ነፍሳቸውን ይማር። ለወዳጆቼ የምለው ይህን ነው፦ ለቫን ዶረን ማዘን መብታችሁ ነው፤ ግን መጀመሪያ «ማርቲ» ማለት እያማረው አፉን ለያዘው ሰው እዘኑ። «መዝናኛ ነው» ከማለታችሁም በፊት፣ ተሸናፊው ምን ተሰምቶት ወደ ቤቱ እንደ ገባ ጠይቁ።

እኔም ያንን መዝገበ ቃላት የማን እንደ ነበረ አውቃለሁ። ባለቤቱ ይህን ካነበበ፣ መጥቶ ይውሰደው።