የሰው ስም ያለበት ዲስክ

አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ያረጀ ኮምፒውተር ሊያስወግድ ሲነሣ የሚሞላው ወረቀት ብዙ ነው። የዕቃው ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩ፣ የተገዛበት ዋጋ፣ በሞዴል 19 ገቢ የሆነበት ቀን ይጻፋል። የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ አባላቱ ይፈርማሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ በሐራጅ ይሸጣል። «ሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረው መረጃ በምን መንገድ ጠፋ? ማን አጠፋው?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር ግን ብዙውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ የለም። ጠያቂ ቢገኝ እንኳ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ተደርጓል» ይባላል።

የምሟገተው ከዚህ መልስ ጋር ነው።

ፎርማት፣ በተለይ ሁሉም የሚመርጠው ፈጣኑ ፎርማት፣ የሚያጠፋው መረጃውን ሳይሆን ማውጫውን ነው። የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው ሠንጠረዥ ባዶ ይሆናል፤ ፋይሉ ግን በላዩ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው አለ። ፎቶሬክ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ማውጫ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይፈልግም። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ የየፋይሉን መነሻ ምልክት ይፈልጋል። የጄፔግ ፎቶዎች ሁሉ አጀማመራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ያንን ምልክት ባገኘ ቁጥር አንድ ፎቶ ያወጣል። የፋይሉ የቀድሞ ስም አይመለስም፤ በምትኩ ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል። ሲከፈት ግን ስካን የተደረገው መታወቂያ ከነጉርድ ፎቶው፣ ከነማኅተሙ፣ ከነቀበሌው ይወጣል። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ኬብልና የጥቂት ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል።

በደቡብ ጎንደር ዞን የጋይንት ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። እዚያው ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ ደቀ መዝሙር ወደዚያ የሚጓዘው ቀለሙን ሊያጸና ነው። በብራና መካከል የኖረ ሰው የተፋቀ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የቀድሞ ባለቤታቸው ስም በምላጭ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የተጻፈባቸው የብራና መጻሕፍት በአገራችን ጥቂት አይደሉም። ቀለሙ ቆዳው ውስጥ ስለሚሰርግ የተፋቀው ስም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ፈጣን ፎርማት ከዚህም ያንሳል፤ ምላጩ ገና ቆዳውን አልነካም።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚያናድደኝ ከኋላው ያለው አስተሳሰብ ነው። «የገጠር ወረዳ መረጃ ለማን ይጠቅማል? እኛ ባንክ አይደለንም» ይባላል። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት ወይም በስማዳ አንድ የወረዳ ኮምፒውተር ምን እንደሚይዝ እንቁጠር። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተረጂው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛትና የተከፈለው ገንዘብ በየወረዳው ሲመዘገብ ኖሯል። የመሬት ይዞታ ደብተር መረጃ አለ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ የሟች ድርሻ ለማን እንደተላለፈ የሚናገር። የጤና መድኅን አባላት ከነቤተሰባቸው አሉ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መዝገብ አለ። በስልክ ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚለው አጭበርባሪ የአንዲትን እናት ስም፣ ቀበሌና የልጆቿን ቁጥር አስቀድሞ ካወቀ በቴሌብር ያላትን ገንዘብ ለመውሰድ ምን ያህል እንደሚቀለው ማሰብ ነው። ባንክ የጠፋውን ገንዘብ ሊተካ ይችላል። በመንደሯ የተሰማ የሕመም ምስጢር ግን በምን ይተካል?

ከዚህም የከበደ አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫ ይዘው በነበሩበት ጊዜ ተደፍረናል ያሉ 16 ሴቶችን ቃል አምነስቲ ኢንተርናሽናል ተቀብሎ በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። ስማቸውን ግን አላወጣም፤ ሊያወጣም አይገባም ነበር። እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰባት ሴት ሕክምና ስትጠይቅ ወይም ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ ስሟ አንድ ቦታ ይጻፋል፤ ዛሬ የሚጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር ነው። ሪፖርት አቅራቢው በጥንቃቄ የሸፈነውን ስም ከዓመታት በኋላ በሐራጅ የተሸጠ ዲስክ ቢገልጠው ተጠያቂው ማን ነው? የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭት ውስጥ ሲሆን ደግሞ የስም ዝርዝር በማን እጅ እንደገባ የሕይወት ጉዳይ ነው። «ለማን ይጠቅማል» የሚል ባለሥልጣን እነዚህን ሰዎች ፊት ለፊት አይቶ ይህን ይድገመው።

«ማን ዲስክ ከፍቶ ያያል?» ለሚለውም መልስ አለ። ጋርፊንክልና ሼላት የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ገዝተው መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሉት ከሚሠሩት 129 ዲስኮች በአግባቡ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጋዜጠኞች ጋና ውስጥ ከገበያ በገዙት ዲስክ ላይ የአንድ አሜሪካዊ የጦር መሣሪያ አምራች ኩባንያ የውል ሰነዶች ተገኙ። ሞርጋን ስታንሌይ የተባለው ግዙፍ የገንዘብ ተቋም ዲስኮቹን ልምድ ለሌለው የዕቃ አጓጓዥ ሰጥቶ፣ መረጃ ያለባቸው መሣሪያዎች በኢንተርኔት ጨረታ ስለተሸጡ እ.ኤ.አ. በ2022 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል።

አደጋው የገባቸው አንዳንዶች ደግሞ ሌላ ጥፋት ያጠፋሉ፤ ኮምፒውተሩን ግምጃ ቤት ቆልፈው ያበሰብሱታል፣ ወይም በመዶሻ ይሰብሩታል። ይህን አልቀበልም። አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን የሚያስተምርበት ማሽን አጥቶ እያለ የሚሠራ ኮምፒውተር መስበር ንፉግነት ነው። የተቆለፈ ዲስክም አልጠፋም፤ በር ሲሰበር አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። የወረዳው የአይቲ ባለሙያ ኪሱ ውስጥ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አለ። ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሥቶ፣ ሺፍትና ኤፍ10 ተጭኖ፣ ዲስክፓርት የሚባለውን ገብቶ፣ ትክክለኛውን ዲስክ መምረጡን ደጋግሞ አረጋግጦ «ክሊን ኦል» ብሎ ማዘዝ ነው። «ክሊን» ብቻ ካለ ክፍፍሉን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ «ኦል» ሲጨመር ግን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ በዜሮ ይሸፍነዋል። ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መብራት ከተቋረጠ እንደገና መጀመር ነው። 35 ጊዜ መጻፍ ያስፈልጋል የሚለው እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣ ጽሑፍ የተረፈ እምነት ነው፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ለተለመደው ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል ብሏል። ኤስኤስዲ ግን ሌላ ነው። ትዕዛዙ የማይደርስባቸው መጠባበቂያ ክፍሎች ስላሉት አምራቹ ባዘጋጀው ማጥፊያ ማጽዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ ሲጀምር በቢትሎከር መቆለፍ ይሻላል። የማይነሣ ዲስክ ብቻ ነው መበሳት ወይም መሰበር ያለበት፤ እሱም ሳይቃጠል፣ ጭሱ መርዝ ነውና።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይያዝ ይደነግጋል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ግምጃ ቤት ድረስ የሚገባው በቅጽ ነው። ስለዚህ የዞኑና የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ከሚቀጥለው የሰኔ 30 ቆጠራ በፊት በማስወገጃ ቅጹ ላይ አራት ነገር ይጨምሩ፦ የዲስኩ መለያ ቁጥር፣ መረጃው የጠፋበት መንገድ፣ ቀኑ፣ ያጠፋው ባለሙያ ስምና ፊርማ። እነዚህ ያልተሞሉበትን ቃለ ጉባኤ የኮሚቴው ሰብሳቢ አይፈርም፤ የንብረት ወጪው ሞዴል 22ም አይቆረጥ።