ዳንቴል የለበሰው ዕቃ

እህቴ ከዱባይ ስትመለስ በሙቅ አየር የሚጠብሰውን ኤር ፍራየር ይዛ መጣች። እናታችን «እንዳይበላሽ» ብላ ዳንቴል አልብሳ ቡፌ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ግን ዕቃ የሚበላሸው ሳይሠራበት ሲቀር ነው ባይ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ የተቀቀለ መኮሮኒ አጠንፍፌ፣ በጥቂት ዘይትና ጨው አሸሁት። በ200 ዲግሪ 10 ደቂቃ ያህል፣ መሐል ላይ አንዴ ነቅነቅ። ሲወጣ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። እንደ ዳቦ ቆሎ ኩርሽም ኩርሽም ይላል፤ ደግሞም የጾም ነው!

እናቴ ቀምሳ ዝም አለች። እህቴ ግን «ስንት ዓመት ለሰው ጠበስኩበት፤ ለራሴ ገና ዛሬ ቀመስኩ» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተስ ቤት ዳንቴል የለበሰ ስንት ዕቃ አለ? በላባችን የገዛነውን ለእንግዳ ዓይን ብቻ አናስቀምጥ። ዳንቴሉን ግለጡት!