«ነርቭ ነው» ብላችሁ አትለፉት

እግሩ በድንገት የዛለበትን ሰው «ነርቭ ነው፣ ይታሽ» ማለት ይብቃን! ጊላን ባሬ የሚባል ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ይመጣል፤ ጀርም ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ስቶ የራሱን ነርቮች ያጠቃል። መደንዘዙና መዛሉ ከእግር ይጀምርና በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ደረት ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከ4 ታማሚዎች አንዱ ገደማ የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልገዋል።

ይሄን ወጌሻ አያስቆመውም። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፣ ግን ሆስፒታል ይቅደም። በደም ሥር የሚሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። ውድ ነው፣ እውነት ነው። እሱ እስኪገኝ ግን ትንፋሹን የሚከታተል ሐኪም አጠገቡ መኖሩ በራሱ ነፍስ ያተርፋል። አብዛኞቹ ታማሚዎች በወራት ውስጥ ተመልሰው ይራመዳሉ።

ወገን፣ እግር የከዳውን ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ አድርሱት። ይህንንም ሼር አድርጉ።