ዘብ የቆመ ሰው ከቀብር ቀረ ተብሎ አይቀጣ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣

ባለፈው ወር ሒሳብ ስናወራርድ በቅጣት መዝገቡ ላይ አንድ ነገር አየንና ዝም ብለን ማለፍ ከበደን። ከቀብር በመቅረት ከተቀጡት ውስጥ የሦስት ሰዎች ስም ተደጋግሞ ይገኛል። ሁለቱ ፖሊሶች ናቸው፣ አንዷ የማረሚያ ቤት ጠባቂ ናት። እነዚህ ሰዎች ሐዘን የማያውቁ ሆነው ነው እንዴ? ጡሩምባው ሲነፋ እነሱ ተረኛ ናቸው። ምድባቸውን ጥለው ቢመጡ ደግሞ አለቃቸው ይቀጣቸዋል። መጡም ቀሩም ቅጣት ነው ማለት ነው።

ቅጣቱን የጻፍነው እኛው ነን፣ ደንቡ ስለሚል። ጠባቂዋ በአንድ ጎረቤታችን ቀብር ቀን ሌሊቱንም ቀኑንም ሥራ ላይ ውላ ማታ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ መጣች። ጆግ ይዛ ለሐዘንተኛው እጅ ስታስታጥብ አመሸች። በማግስቱ ቅጣቷን አንድ ቃል ሳትናገር ከፈለች። ደረሰኝ ስንቆርጥላት ቀና ብለን ማየት አቃተን።

ለፖሊስና ለማረሚያ ቤት ባልደረባ ክብር ይሰጥ ሲባል የምናውቀው በአዳራሽ ጋቢ ማልበስና የምስክር ወረቀት ማደል ነው። ጋቢውን አንጠላም። ነገር ግን ዛሬ ጋቢ ያለበስነውን ሰው ነገ ዘብ ቆመሃል ብለን የምንቀጣው ከሆነ ምኑን አከበርነው?

ጥበቃ የቆየ ሥራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን የሚጠብቁት የአራዳ ዘበኛ ይባሉ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ፣ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የወህኒ ቤቶች አዋጅ ወጣ። ያኔ ወህኒ ቤት የተባለው ዛሬ ማረሚያ ቤት ሆኗል። ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ ሲባል የነበረውም ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ስሙም ቤቱም ተለወጠ፤ በሩ ላይ የሚቆመው ግን ያው የደሃ ልጅ ነው።

የታሰረ ዘመድ የጠየቀ ሁሉ ያንን በር ያውቀዋል። ስንቅ ይዘህ ትሰለፋለህ፤ ሳህኑ ይከፈታል፣ እንጀራው ይገለጣል፣ ቅመስ ትባላለህ። አንዲት እናት ለልጃቸው የሠሩትን ወጥ ራሳቸው ቅመሱ ሲባሉ እንዴት እንደሚከፋቸው አይተናል። አንዱ ጠባቂ ይህን ሲያዝ ያመናጭቃል፤ ሌላው ደግሞ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደንብ ነው» ብሎ ጎንበስ ይላል። ፍተሻው አንድ ነው። እናትየዋ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ልብ ግን አንድ አይደለም። እኛ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው የምንናገረው።

ይህን ሐሳብ በኮሚቴ ስናነሳ አንድ አባላችን ተቆጥተው ተነሡ። «ልጄን ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ አምስት ሌሊት ያሳደሩት እነሱ አይደሉም ወይ? ለእነሱ ነው ደግሞ ክብር?» አሉ። አላስቆምናቸውም፣ እውነት አላቸውና። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ ይያዝ፣ ከቤተሰቡም ከጠበቃውም ይገናኝ ይላል። ስለዚህ አቤቱታቸውን ቁጭ ብለን ጽፈንላቸዋል። ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ይከበር አላልንም። ነገር ግን በዚያ ሰው ጥፋት፣ ሌሊት ዝናብ እየመታው በሰፈራችን የሚዞረው ልጅ ለምን ይቀጣ? እንዲያውም ሕጉን የሚጠብቀው ሰው በእኛ ዘንድ ከማይጠብቀው ጋር አንድ ከሆነ፣ መጠበቁ ለምኑ ይጠቅመዋል?

(ይቺን ጣልቃ እናግባ። ለጉዳያችን መፍጠኛ «ለሻይ» ብለን በእጃቸው የምናስጨብጥ እኛው ነን። ኋላ ደግሞ ተበላሹ ብለን የምናማውም እኛው።)

ስለዚህ የመተዳደሪያ ደንባችን እንዲሻሻል ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። ፖሊስ፣ የማረሚያ ቤት ባልደረባ፣ እንዲሁም የሆስፒታል ተረኛ፣ ሥራ ላይ እንደነበረ ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ካመጣ የቀብር ቀሪ ቅጣት አይጻፍበት። በፈንታው ከተረኝነቱ ሲወጣ ድንኳን በመንቀል ወይም ወንበር በመመለስ ያግዝ። ሌላው፣ ተከራይ ነው፣ ነገ ይዛወራል እየተባለ ዕድር እንዳይገባ የሚከለከለው ነገር ይቅር። ዝውውሩን እሱ አልመረጠውም። ሞት ቢመጣበት ዘመዱ ሩቅ ነው፤ ማን ነው የሚያነሳው?

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የድንኳን ማስቀመጫው ግቢ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ በቅጣት የተከፈለው ገንዘብ ይመለስ አይመለስ የሚለውም በዚያው ቀን ይወሰናል። መዝገቡን ይዘን እንመጣለን።

የዕድሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው