የካርቱም የጽዳት ውል ከመፈረሙ በፊት ይመዘን

የአንድ ከተማ አስተዳደር ብቃት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ በየማለዳው ከየደጃፉ የሚወጣው ጥራጊ ወዴት እንደሚሄድ ነው። መንገድ መሥራት፣ መብራት መዘርጋት፣ ትምህርት ቤት መክፈት ዓይን የሚገቡ ተግባሮች ናቸው። ጥራጊ ማንሣት ግን በሚገባ ሲከናወን ልብ የሚለው የለም፤ በተጓደለ በሳምንቱ ግን መላው ሕዝብ ያውቀዋል። ሥራው በውል ለሌላ ወገን በሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ በሳምንት የሚታረም መሆኑ ቀርቶ በውሉ ዘመን ልክ የሚቆይ ይሆናል። ዛሬ ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያስገደደን በጎረቤታችን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ላይ የተደቀነው ችግር ነው።

ነጩና ጥቁሩ ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ የተቆረቆሩት ሦስቱ እኅትማማች ከተሞች፣ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል በፈነዳው ጦርነት የውጊያ ሜዳ ሆነው ሁለት ዓመት ያህል ቆይተዋል። ጦር ሠራዊቱ የካርቱምን ክፍለ ግዛት በሙሉ መቆጣጠሩን ካስታወቀበት ከግንቦት 2017 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ቀየው ተመልሷል። ተመላሹን የጠበቀው የፈረሰ ግንብ፣ የተቃጠለ መኪና፣ ያልፈነዳ ቦምብ፣ እንዲሁም ሳይነሣ የተከማቸ ጥራጊ ነው። በዚያው በግንቦት ወር የመብራትና የውሃ አገልግሎት ተቋርጦ በከተማይቱ የኮሌራ በሽታ በመዛመቱ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውሃና ምግብ ቢሆንም፣ የውሃ መውረጃን የሚደፍንና ዝንብን የሚያራባ የጥራጊ ክምር የበሽታው ረዳት መሆኑን የጤና ባለሙያዎች ሁሉ ያውቁታል።

የካርቱም ጥራጊ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ካርቱም ለብዙ ዓመታት በአሥር ሺህ ለሚቆጠሩ ወገኖቻችን የእንጀራ ማግኛ ከተማ ነበረች። በዴም ሠፈር ምግብ ቤት ከፍተው፣ በየቤቱ ተቀጥረው፣ በየመንገዱ ዳር ሻይና ቡና እየሸጡ ይኖሩ ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው መግባታቸው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የእኛም ከተሞች ባደጉ ቁጥር የጽዳትን ሥራ በውል እየሰጡ በመሆናቸው፣ ካርቱም ከባዶ ተነሥታ የምታደርገው ምርጫ ለእኛም ትምህርት ይሆናል።

ከጦርነቱ በፊት ጥራጊውን የማንሣት ኃላፊነት የክፍለ ግዛቱ የጽዳት ድርጅትና የሰባቱ ወረዳዎች ነበር። የተሰበሰበው ጥራጊ በሦስት መድፊያዎች፣ በደቡብ በጠይባ፣ በባሕሪ በኩል በሐጣብ፣ በኦምዱርማን በኩል በአቡ ወሌይዳት ይራገፍ ነበር። የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅትም መኪናዎችን ከመርዳቱ በላይ፣ መኪናው በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ እንዲቆምና ነዋሪው ጥራጊውን ራሱ እንዲያስረክብ የሚያደርግ አሠራር ለማስለመድ ጥሮ ነበር። ጦርነቱ ግን መኪናውንም አሠራሩንም አጠፋ። ስለዚህ ከውጭም ሆነ ከውስጥ ኩባንያ መጋበዙና መዋዋሉ የሚቀር አይመስለንም። ከዚያ በፊት ግን በድርድሩ ላይ እነማን ሊቀመጡ እንደሚገባ መታወቅ አለበት። የጽዳት ውል አስተዳደሩና ኩባንያው ብቻ ተስማምተው የሚያጸኑት አይደለም፤ ከሁለቱ ፊርማ ውጭ የቀረው ወገን ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል የሌሎች ከተሞች ታሪክ ያስረዳል።

የካይሮን እንመልከት። ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከላይኛው ግብጽ የመጡና ‹‹ዘባሊን›› በሚል ስም የሚታወቁ ድኾች በየፎቁ እየወጡ ጥራጊውን ከየቤቱ ሲያነሡ፣ በሙቀጠም ተራራ ሥር ባለው ሠፈራቸውም እየለዩ ሲሸጡ ኖረዋል። ከሚሰበስቡት ውስጥ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሰው ጥቅም ላይ ያውሉ እንደነበር ተመዝግቧል። በ1995 ዓ.ም. ግን መንግሥት ጽዳቱን ለ15 ዓመት ለኢጣሊያና ለስፔን ኩባንያዎች ሰጠ። ውሉ ኩባንያዎቹን ያስገደዳቸው 20 በመቶውን ብቻ መልሰው ጥቅም ላይ እንዲያውሉ ነበር። ትላልቆቹ መኪናዎች በጠባቡ መንደር አልገባ አሉ፤ ከደጁ ይነሣለት የነበረው ነዋሪ ጎዳና ወዳለ ገንዳ ውሰድ ተባለ፤ ክፍያው በመብራት ሒሳብ ላይ ተጨምሮ ሲመጣም ቅሬታው በዛ። ውሎ አድሮ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከውሉ የተገለሉትን ዘባሊኖች በንዑስ ውል ማሠራት ግድ ሆነባቸው። በመጨረሻ የሚፈለግ ሰው በመጀመሪያ ያልተጠራበት ውል ይህን ይመስላል።

የራሳችን ምሳሌ ደግሞ ይበልጥ መራራ ነው። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከ1950ዎቹ ዓመታት አንሥቶ ሲደፋበት የኖረው ቆሼ ስለሞላ፣ በሰንዳፋ በኩል አዲስ መድፊያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውና ፍሳሹ ውሃችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ ብለው ስለ ተቃወሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ጥራጊውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአደጋው ምክንያት አንድ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን መሐንዲሱና ገንዘብ ሰጪው በተስማሙበት ጉዳይ ገበሬው ባለመስማማቱ የደረሰው መዘዝ ማንም ሊዘነጋው የማይገባ ነው።

እንግዲህ የካርቱም አስተዳዳሪዎች ለድርድር ሲቀመጡ ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ እንላለን።

አንደኛው የክፍያው መለኪያ ነው። በምልልስ ቁጥር የሚከፈለው ተቋራጭ ግማሽ ጭነት ይዞ ይመላለሳል። በክብደት የሚከፈለው ደግሞ አሸዋ ይጭናል፤ ‹‹ሐቡብ›› የተባለው የአቧራ ማዕበል በሚያለብሳት ከተማ አሸዋ ሞልቷልና። ስለዚህ ከክፍያው ከፊሉ በመድፊያው በር በሚተከል የመኪና ሚዛን፣ ከፊሉ ደግሞ የየሠፈሩ ተወካይ መንገዱ መጽዳቱን አይቶ በሚፈርመው ማረጋገጫ ቢሆን ይሻላል። የፍርስራሽና የአሸዋ ጭነትም በሌላ ዋጋ ለብቻው ይታሰብ።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ከጦርነቱ በፊት 600 ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በጦርነቱ ዘመን በትይዩ ገበያ ከ3,000 የሱዳን ፓውንድ በላይ ወጥቷል። በፓውንድ ብቻ የተቆረጠ ዋጋ መኪናዎቹን በወራት ውስጥ ያቆማል፤ በዶላር ብቻ የተቆረጠ ደግሞ የከተማይቱን ካዝና ያራቁታል። የነዳጅ፣ የደመወዝና የመለዋወጫ ወጪ ተለይቶ በየሦስት ወሩ የሚታይበት አንቀጽ ሊኖር ይገባል። የነዋሪውን መዋጮ በተመለከተ የአዲስ አበባ ልምድ አለ፤ ክፍያው ከመኖሪያ ቤት በውሃ ሒሳብ ላይ 20 በመቶ፣ ከንግድ ቤት 42.5 በመቶ እየታከለ ይሰበሰብ ነበር። የቧንቧ መሥመሩ በተበጣጠሰበትና ውሃ በአህያ ጋሪ በሚሸጥበት ሠፈር ግን ይህን እንዳለ መቅዳት አይቻልም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው ቁርጥራጭ ብረት ነው። በጦርነቱ ወቅት የካርቱም የመብራት ገመዶች ከየምሰሶውና ከመሬት ውስጥ ተመዝዘው፣ መዳባቸው ተነቅሎ ተሸጧል። ዛሬ ጥራጊ የሚባለው ውስጥ የሕዝብ ንብረት አለበት። የመለየትና የመሸጥ መብት ለአንድ ኩባንያ ያለ ገደብ ከተሰጠ፣ ዘረፋው በውል ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው። መዳብና የመብራት ዕቃ ተመዝግቦ ለመብራት አገልግሎቱ እንዲመለስ፣ ያለ ማስረጃም እንዳይሸጥ ውሉ በግልጽ መደንገግ አለበት። ፈንጂ አምካኝ ያላየው የፍርስራሽ ክምር በሠራተኛ እጅ እንዳይነካም እንዲሁ።

አራተኛው የጋሪው ባለቤትና የለቃሚው ልጅ ነው። በካርቱም ‹‹ካሮ›› የሚባለው የአህያ ጋሪ ትልቁ መኪና በማይደርስበት ሁሉ ይደርሳል። ፕላስቲክና ቆርቆሮ እየለቀመ የሚያድረው ሰው በእኛ አገር ቆራሌው የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። እነዚህ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ከቤት እስከ መኪናው ያለው ሥራ በውሉ ውስጥ በስማቸው ቢጻፍ፣ ኩባንያው የማያውቀውን መንደር የሚያውቅ ሠራተኛ ያገኛል፤ እነርሱም ከእንጀራቸው አይፈናቀሉም።

አምስተኛው የውሉ ማለቂያ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. የቤይሩት ዋና መድፊያ ሲዘጋ የሚተካው ባለመዘጋጀቱ ጥራጊው በየጎዳናው ተከምሮ ሕዝቡን ለታላቅ ሰልፍ አስወጥቷል። ውሉ ሲያልቅ መኪናው፣ መዝገቡና መድፊያው ለማን እንደሚተላለፍ መወሰን ያለበት በፊርማው ቀን ነው።

በሽታው ፋታ ስለማይሰጥ ይህን ሁሉ ለመደራደር ጊዜ የለም የሚሉ ይኖራሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ቸል የሚባልም አይደለም። መፍትሔው ግን በችኮላ የ15 ዓመት ውል መፈረም አይደለም። ሱዳናውያን እንደ እኛ ደቦ ያለ ‹‹ነፊር›› የሚሉት የመረዳጃ ልማድ አላቸው። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ካርቱምን ባጥለቀለቀ ጊዜ ወጣቶች በዚሁ ስም ተሰባስበው ወገኖቻቸውን ረድተዋል። ነፊሩን ከጥቂት ኪራይ መኪናዎች ጋር አቀናጅቶ ለስድስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ውል ማድረግ ይቻላል። ዋናው ውል በዚያው ጊዜ ውስጥ ተረጋግቶ ይመዘናል።

አበው ‹‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ›› ያሉት ለዚህ ነው። ለካርቱም የተባለው ለእኛም ከተሞች የተባለ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሹማምንቶቻችን የጽዳት ውል ከመፈረማቸው በፊት ቆራሌውን፣ ጋሪ ነጂውን፣ በመድፊያው አጠገብ የሚያርሰውን ገበሬና ጥራጊውን ከቤቷ የምታወጣውን እመቤት ጠርተው ይጠይቁ። የእነዚህ ሰዎች ቃል በውሉ ውስጥ ካልገባ፣ ውሉ በተፈረመ ማግሥት ጥራጊው ደጃፍ ላይ ይገኛል።