በሱሁር ሰዓት የሚደወል ስልክ

በረመዳን ሶፊ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነቅታለች። ምድጃ ይያያዛል፣ ሻይ ይጣዳል፣ ልጆች እያጉረመረሙ ይነሳሉ። እኛ ታዲያ ከማዕዱ በፊት ዓይናችን የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። ሳዑዲ ያለች እህታችን በዚህ ወር ቀኑን ከሌሊቱ አገላብጣ ነው የምትሠራው። አሠሪዎቿ እስከ ሱሁር ስለሚያመሹ ሳህን አጥባ፣ ወለል አጽድታ እፎይ የምትለው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። የሳዑዲና የእኛ ሰዓት አንድ በመሆኑ የእሷ ሥራ ማብቂያና የእኛ ሱሁር ይገጣጠማሉ። ደወለች ማለት ደህና ናት ማለት ነው።

ሐረር ከተማ ውስጥ ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። የሆስፒታል ነርሷ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው ሱሁራቸውን በሥራ ቦታቸው ቀምሰው ይነይታሉ። ለነሱ ግን ቢያንስ ጠዋት በር ሲንኳኳ እንሰማለን። ባሕር ለተሻገረው ያለን ስልኩ ብቻ ነው።

ክፉ ወሬም የሚመጣው በዚያው ስልክ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2016፣ ለዒድ ስንዘጋጅ፣ ከየመን ወደ ጅቡቲ ትመለስ የነበረች ጀልባ ሰጥማ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሌላ ጀልባ እዚያው አካባቢ ሰጠመ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ፣ ጾሙ ገና ሳምንት ሳይሞላው፣ ከየካቲት 27 ቀን 2017 ጀምሮ በየመንና በጅቡቲ ዳርቻ አራት ጀልባዎች ተገለበጡ። 181 ስደተኞችና 5 የመናውያን የጀልባ ሠራተኞች የደረሱበት እንዳልታወቀ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት አስታወቀ። ሚያዝያ 20 ሰዓዳ ውስጥ ስደተኞች የታሰሩበት ቦታ በአየር ድብደባ ተመትቶ 68 ሰው መሞቱ ተነገረ። በዚህ የምሥራቅ መስመር የሚጓዘው አብዛኛው ሰው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሐረርጌ ደግሞ መንገዱ ላይ ነው ያለችው።

እነዚህ ዜናዎች ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፣ ስም ግን የላቸውም። ደላላው ስም አይመዘግብም፣ ባሕሩም አስከሬኑን ሁሉ አይመልስም። ክፍተቱን የሚሞላው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር ፎቶ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የሰጠመ ጀልባ የትናንት ተብሎ ይለጠፋል። አንዲት እናት ባልሞተ ልጅ ተለቅሶላት፣ በሳምንቱ ልጁ ሲደውል ብናይ አይገርመንም። ተቃራኒውም ይኖራል።

መርዶ የደረሰው ቤተሰብ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ለሐበሻው ነጃሺ ሰገዱለት፤ በእኛ አካባቢ የምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብም ሩቅ አገር ለሞተ ሰው ሶላተል ጋኢብን ይፈቅዳል። ለጠፋው ግን ምን ይሰገድለት? ሚስቱስ 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳዋን ከየትኛው ቀን ትቁጠር? እርሻው በማን ስም ይታረስ? የቤተሰብ ፈተና እዚህ ላይ ነው ከሐዘንም የሚከብደው፤ ሽማግሌዎችም ብዙውን ጊዜ “ሶብር አድርጉ” ከማለት አያልፉም።

ሕጉ ግን ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 ወሬው ለሁለት ዓመት ያልተሰማ ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥበት ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የጋብቻና የውርስ ጉዳይ ደግሞ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፣ አገልግሎቱም በነፃ ነው። በኛ እምነት ብዙ ሰው ወደነዚህ የማይሄደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ማመልከት ተስፋ መቁረጥ ስለሚመስለው ነው። ቃዲዎቻችንና ኢማሞቻችን ከተራዊህ በኋላ ይህን ቢያብራሩ፣ ቀበሌውም ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደወጣ ቢመዘግብ፣ ነገ ለሚመጣው ክፉ ዜና ቢያንስ ስም የሚፈለግበት መዝገብ ይኖራል።

እስከዚያው ሱሁር ላይ ስልኩን ከቴምሩ ሳህን አጠገብ እናስቀምጣለን። ትናንት የደወለችው አዛን ሊል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር፤ ውኃ እንድንጠጣ አሳስባን ዘጋች።