ጉልበቱ የማን ነው?

ነገሩን ሳናለሳልስ እንጀምር። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ዋና ተጫዋች፣ የደምበጫው ልጅ፣ በውድድሩ እኩሌታ ላይ ጉልበቱን ተጎድቷል። ኳስ ሊነጥቅ ዘሎ ሲወርድ እግሩ መሬት ቆነጠጠ፤ ገላው ዞረ፤ ጉልበቱ ግን አብሮ አልዞረም። "ቋ" ያለውን ድምፅ ሜዳው ዳር የነበርን ሁላችንም ሰምተናል። ሐኪሙም ቁርጡን ነግሮታል፦ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፤ የዘንድሮ ጨዋታ አብቅቷል።

ወሬው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ "እግዜር ይማርህ" ብለን እናልፍ ነበር። ብዕር ያስነሣን ከዚያ በኋላ የመጣው ጫጫታ ነው። በካፌው፣ በዶርሙ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ የምንሰማው ምንድን ነው? "ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው የቀረው፤ በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ይጫወትና ከዚያ ኦፕራሲዮኑን ያድርግ።" "ማደንዘዣ ወግተው ያስገቡት።" "ፈርቶ ነው እንጂ ትናንት ሲራመድ አይተነዋል።" "ደምበጫ ቢሄድ ወጌሻ በአገሩ አረቄ አሽቶ በሳምንት ያስነሣው ነበር።" እንዲህ የሚሉት ስፖርት የማይወዱ ሰዎች አይደሉም። ስሙን እየጠሩ ጉሮሯቸው እስኪነቃ የሚጮኹት ናቸው።

በአማርኛችን ጉልበት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው፤ ሌላው ኃይል፣ አቅም፣ ሰው ሠርቶ የሚያድርበት ነገር ነው። ተመልካች የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የልጁን ኃይል የቡድኑ፣ የዲፓርትመንቱ፣ የጊቢው ንብረት አድርጎ ቆጥሯል። ሲታመም የሚያመው ግን የመጀመሪያው ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጋራለትም። ስለዚህ እንጠይቃለን፦ ጉልበቱ የማን ነው?

በመጀመሪያ "ሲራመድ አይተነዋል" የሚለውን ማስረጃ እንመርምረው። በጉልበት ውስጥ ሁለት ጅማቶች መስቀል ሠርተው ይተላለፋሉ። የፊተኛው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይሸሽ፣ ገላ ሲዞርም ጉልበት እንዳይከዳ ይይዛል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ደግሞ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ለስላሳ ትራሶች አሉ። ጅማቱ ከተበጠሰ በኋላ እብጠቱ በጥቂት ሳምንት ይጎድላል፤ ሰውየውም በቀጥታ መንገድ ደኅና አድርጎ ይራመዳል። ማታለያው እዚህ ላይ ነው። ቅርጫት ኳስ ቀጥታ መንገድ አይደለም፤ መዝለል፣ ድንገት መቆም፣ መታጠፍ ነው። በታጠፈ ቁጥር ጉልበቱ ሊከዳ ይችላል፤ በከዳ ቁጥርም ያንን ትራስ ሊቀረድደው ይችላል። ትራሱ ደም በብዛት ስለማይደርሰው እንደ ቆዳ ቁስል በቀላሉ አይጠግግም። ዛሬ አንድ ጅማት የሆነው ጉዳት በ2 ጨዋታ አንድ ጅማትና ሁለት ትራስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ ገና በጎልማሳነት ደረጃ ሲወጡ ማቃሰት ነው።

ማደንዘዣውስ? ሕመም ዘበኛ ነው። ሌባ ሲገባ የሚጮኸውን ውሻ ገድሎ "አሁን ሰላም ነው" ማለት ይኸው ነው። ስለ አረቄው ደግሞ አንከራከርም። የደምበጫ አረቄ ለብዙ ነገር ይሆናል፤ የተበጠሰ ጅማት ግን አይቀጥልም። ሐኪሙ ከራሱ ከልጁ ገላ ሌላ ጅማት ወስዶ፣ አጥንቱን በስቶ ነው የሚተክለው። የተተከለው ጅማት እስኪጸና ወደ ጨዋታ ለመመለስ 9 ወርና ከዚያም በላይ ይጠበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ጀግንነት ነው። "አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ቶኪዮ ላይ አላሸነፈም ወይ?" ይሉናል። አሸንፏል! በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ 6 ሳምንት ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሟል። እኛም እንኮራበታለን። ግን ታሪኩን ለምን እኩሌታውን ብቻ ትነግሩናላችሁ? አበበ መጀመሪያ ኦፕራሲዮኑን ሆነ፤ ከዚያ ነው የሮጠው። ትርፍ አንጀት ደግሞ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ ሰው አይሮጥበትም። ያው አበበ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩ ታሞ ሲሰለፍ ምን ሆነ? ውድድሩን እኩሌታ ሳያደርስ አቋረጠ። ወርቁ ግን ከኢትዮጵያ አልወጣም፤ ማሞ ወልዴ ወሰደው። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ጀግና ሲያቋርጥ የሚተካ ሰው ያዘጋጀ ቡድን አይወድቅም። የእኛ ቡድን ከአንድ ልጅ ጉልበት በቀር ሌላ ምርኩዝ ከሌለው ጥፋቱ የጉልበቱ አይደለም።

የቅርጫት ኳስ ምሳሌ ከፈለጋችሁም አሜሪካ ሞልቷል። ቢል ዋልተን ፖርትላንድን በ1969 ዓ.ም. ሻምፒዮን ያደረገ ረጅም ሰው ነበር። በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1970፣ የታመመ እግሩን የሕመም ማስታገሻ ተወግቶ ገባ። አጥንቱ ተሰብሮ ተገኘ። የቀጣዩን ዓመት ጨዋታ በሙሉ ሳይጫወት ቀረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከ30 በላይ ኦፕራሲዮን አሳልፏል። ዴሪክ ሮዝን ደግሞ ተመልከቱ። በ22 ዓመቱ የአሜሪካ ሊግ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ልጅ ነው። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም.፣ ቺካጎ በ12 ነጥብ እየመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሳይቀረው፣ ይኸው የእኛ ልጅ የተጎዳው ጅማት ተበጠሰበት። ኦፕራሲዮን ሆኖ የቀጣዩን ዓመት በሙሉ አረፈ። ያን ጊዜ ያልተባለው ነገር የለም፤ "ልቡ ሸሸ" ተባለ። ሲመለስም ሌላኛው ጉልበቱ በኅዳር 2006 ተጎዳ። አያችሁ? ጠብቆ የተመለሰ ሰው እንኳ ዋስትና የለውም፤ ሳይጠብቅ የሚገባውማ! ግን በጥቅምት 2011 ይኸው ሰው በአንድ ጨዋታ 50 ነጥብ አስቆጥሮ ሜዳው ላይ አለቀሰ። ሲዘልፉት የነበሩት ያን ዕለት የት ነበሩ?

ወደ አገራችን እንመለስ። የወንበራዋ ልጅ አልማዝ አያና በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሴኮንድ ሮጣ፣ 23 ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዓመቱ ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ ጉልበቷ አስቸገራት፤ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ስሟም ከወሬ ጠፋ። "አለቀላት" ያለው ሰው ስንት ነው! በጥቅምት 2015 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ስታሸንፍ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በመጀመሪያ ማራቶኗ እንዲህ የፈጠነች ሴት አልነበረችም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ከባድ መከራከሪያ ቀርቷል፤ አንሸሸውም። "ልጁ ራሱ ልግባ እያለ ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ?" እውነት ነው፤ እያለ ነው። ግን አንድ የሃያ ዓመት ልጅ በመስኮቱ ሥር ስሙ እየተዘመረ፣ በካፌው "ፈሪ" እየተባለ የሚሰጠው ቃል የራሱ ቃል ነው ወይ? ውሳኔው የእሱ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቆ ይወስን። የእኛ ድርሻ ጩኸታችንን ቀንሰን ራሱን እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ይህን ስንል እኛም ንጹሐን አይደለንም። ከመጎዳቱ በፊት በነበረው ጨዋታ ሲያነክስ አይተነዋል። አሠልጣኙ ሊያስወጣው ሲል "ይቆይ! ይቆይ!" ብለን የጮኽን እኛ ነን። እሱም ቆየ። ያንን ጩኸት ዛሬ መልሰን መዋጥ አንችልም።

ከደምበጫ ገበሬ እንማር። በሐምሌ፣ መሬቱ ርሶ እርሻው ሲያጣድፍ፣ በሬው ቢያነክስ ቀንበር አይጭንበትም። ወይ ከጎረቤቱ ጋር በሬ ይቀናጃል፣ ወይ ወንፈል ይጠይቃል። ዘንድሮን ለማትረፍ ብሎ የከርሞውን በሬ አያርድም። ለበሬ የሚታዘን ልብ ለሰው እንዴት ይጠፋል? ይህ ልጅ ተመርቆ አገር ቤት ሲመለስ በዚያው ጉልበት ዳገት ይወጣል፤ እናት አባቱን ይጦራል። ዋንጫው በቢሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ጉልበቱ ገና ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም "መቼ ትገባለህ?" ብሎ አይጠይቀው።

ሁለተኛ፣ ለጨዋታ መግቢያ፣ ለመለዮና ለከበሮ ገንዘብ ያዋጣን ሰዎች ለኦፕራሲዮኑና ለመንገዱም እናዋጣ። እድር ለሞተ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ሦስተኛ፣ በክራንች በሚሄድበት ወራት ኖት የሚገለብጥለት፣ ምግብ የሚያመጣለት፣ ወደ ክፍል ሲሄድ የሚደግፈው ሰው በተራ ይመደብ። ስማችንን የመጀመሪያዎቹ አድርገን ጽፈናል።

አራተኛ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የከረሙት ተጫዋቾች ይግቡ። ቢሸነፉም እናጨብጭብላቸው።

ውድድሩ ይከርማል፤ ዋንጫውም ዘንድሮ ቢያመልጠን ለከርሞ ይገኛል። ጉልበቱን ግን እኛ አልሰጠነውም፤ ልንወስድበትም መብት የለንም። ኃይሉን ስናጨበጭብለት የኖርን፣ አሁን ተራው የእኛ ነው፤ እስቲ ለአንድ ዓመት እኛ ጉልበት እንሁነው!